ታንክ የሌለበት ሰልፍ

ግንቦት 9 ቀን ኦስሎ ከወትሮው ማልዳ ትነሣለች። ትራሙም፣ አውቶቡሱም፣ የምድር ባቡሩም ዳር ዳሩ በተጠለፈ የሱፍ ቀሚስ፣ በነጭ ሸሚዝና ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር በሚንሿሿ የብር ጌጥ ይሞላል። አያት የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ትቆማለች። አባት የልጁን ክራቫት ደጋግሞ ያቃናል፤ ልጁ ደግሞ የወረቀት ባንዲራውን ፊት ለፊቱ በቆመው ልጅ አፍንጫ ላይ ያውለበልባል። ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ተሰባስበው፣ የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበትን ዓርማና ማርሽ ባንዱን አስቀድመው ወደ መሀል ከተማ ይተማሉ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል።

መንገዱ በካርል ዮሃን ጎዳና ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወስዳል። ንጉሡ ከነቤተሰባቸው ሰገነት ላይ ቆመው፣ ከመቶ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ እስኪያልፉ ድረስ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሰዓታት ይፈጃል። ልጆቹ «ሁራ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ በዚህች ቀን አይስክሬም ያለ ገደብ እንደሚፈቀድላቸው ስለሚያውቁ ጩኸቱ የምር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ከሳምንታት ጭፈራ በኋላ ቀይ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ዓይናቸውም እንደዚያው ቀልቶ፣ ከሕዝቡ መሀል ይታያሉ። የሠራዊቱ ድርሻ ከክብር ዘበኛው ሙዚቀኞች ብዙም አያልፍም። ታንክ የለም። ሚሳይል የለም።

በደርግ ዘመን መስከረም 2 ቀን አብዮት አደባባይ የተሰለፈ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ከማርክስ፣ ከኤንግልስና ከሌኒን ግዙፍ ምስሎች ሥር ብረት ለበስ ያልፍ ነበር። ከዚያ በፊት ዋናው የበዓል ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ግንቦት 20 መጣ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሀገሪቱ የልደት ቀኗን ትለውጣለች። ኖርዌጂያውያን ግን ቀናቸውን ከያዙ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ከጊዜ በኋላ ለእንግዳም ለራሳቸውም «እኛ ይህን ነን» ለማለት ከፊት የሚያሰልፉት ልጆቻቸውን ሆነ። ነገሩን ከሩቅ ያየ ሰው የዋህ ሕዝብ ያወጣው የዋህ ልማድ ሊመስለው ይችላል። ታሪኩ ግን ሰይፍ የተመዘዘበት፣ ፓርላማ የተነታረከበት፣ ብዙ ሰው ከሥዕሉ ውጭ የቀረበት ነው።

በዓሉ የሚዘክረው በ1814 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ግንቦት 9 በእነሱ ሜይ 17 ነው) ከኦስሎ በስተሰሜን በምትገኘው አይድስቮል 112 ሰዎች ተሰብስበው ያጸደቁትን ሕገ መንግሥት ነው። ኖርዌይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ኖራለች። ዴንማርክ ከናፖሊዮን ጎን ቆማ ስትሸነፍ ኖርዌይን ለስዊድን አሳልፋ እንድትሰጥ ተገደደች። በዚህ ርክክብ መሀል በተገኘችው የጥቂት ወራት ፋታ ኖርዌጂያውያን ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ ንጉሥም መረጡ። ነፃነቱ ዓመቱን አልደፈነም። ያው ዓመት ሳይወጣ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ገቡ። ሕገ መንግሥቱ ግን፣ እየተሻሻለም ቢሆን፣ ተረፈ። እንግዲህ የሚከበረው በጦር ሜዳ የተገኘ ድል ሳይሆን በወረቀት ላይ የተገኘና ከእጅ ያላመለጠ ነገር ነው።

ለዋናው ጎዳና ስሙን የሰጠው ካርል ዮሃን፣ ከፈረንሳይ ጦር ማርሻልነት ተነሥቶ የስዊድንና የኖርዌይ ንጉሥ የሆነ ሰው፣ ይህን በዓል ጨርሶ አይወደውም ነበር። ለኅብረቱ እንደ ስድብ ቆጠረው። ሜይ 17 ቀን 1829 «ኮንስቲቲሹነን» የምትባል የእንፋሎት መርከብ ወደብ ስትደርስ ሊቀበላት የወጣው ሕዝብ ወደ ገበያው አደባባይ ጎረፈ፤ ባለሥልጣናቱም ፈረሰኛ ጦር ላኩበት። ከተደበደቡት መካከል ሄንሪክ ቬርገላንድ የተባለ ወጣት ባለቅኔ ይገኝበታል። የተማሪ ልብሴ በሰይፍ ተመትቶ ተዋርዷል ብሎ፣ ልብሱን ጠቅልሎ ለኦስሎ ምሽግ አዛዥ በፖስታ ላከለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ በዓሉን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። የናዚ ጀርመን ጦር ሀገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ግን ሰልፉ ታግዶ ነበር።

ልጆቹ ወደ ሰልፉ የገቡት በ1870 ነው፤ ሐሳቡን ከገፉት አንዱ ደራሲው ቢዮርንስቲየርነ ቢዮርንሰን ነበር። የወጡት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ልጃገረዶቹ እስኪፈቀድላቸው 1889 ድረስ ጠበቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሀገሪቱ በልጆቿ ራሷን ስታሳይ የምታሳየው ግማሾቹን ነበር ማለት ነው።

ባንዲራ ላይ ምልክት ይኑር ወይስ ልሙጥ ይሁን የሚለው ክርክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዳ አይደለም። ኖርዌጂያውያንም በዚሁ ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል። ቀዩን፣ ነጩንና ሰማያዊውን ባለመስቀል ባንዲራ በ1821 የነደፈው የቤርገን ነጋዴና የፓርላማ አባል የነበረው ፍሬድሪክ መልትሰር ነው። በ1844 የሁለቱን ሀገሮች ቀለማት ያደባለቀ የኅብረት ምልክት በባንዲራው ማዕዘን ላይ ተለጠፈ። መጀመሪያ ላይ «ከስዊድን ጋር እኩል መሆናችንን ያሳያል» ብለው ደስ ያላቸው ጥቂት አልነበሩም። ዓመታት ሲያልፉ ያው ምልክት የጥገኝነት ማኅተም ሆኖ ታየ፤ የተዘበራረቀውን ቀለሙን ያዩ ፌዘኞችም የዓሣና የአትክልት ክትፍ የሆነውን «የሄሪንግ ሰላጣ» ስም አወጡለት። ልሙጡ ይመለስ ያሉት ወገኖች ሕጉን በፓርላማ ሦስት ጊዜ አሳልፈው፣ ንጉሡ ሳይፈቅዱ በ1898 ሕግ አደረጉት። ባንዲራው ከጸዳ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ኅብረቱ ራሱ ፈረሰ። በ1905 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 368,208 ሰዎች መለያየቱን ሲደግፉ የተቃወሙት 184 ብቻ ነበሩ። ሴቶች ድምፅ መስጠት ስላልተፈቀደላቸው በራሳቸው ተነሥተው ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ፊርማ አሰባሰቡ።

ይህን ታሪክ ለመረዳት የሚያግዝ ሐሳብ ያመነጨው ራሱ ኖርዌጂያዊ ነው። የሰው ልጅ ጥናት ምሁሩ ፍሬድሪክ ባርት በ1967 ቤርገን ላይ የጠራው ጉባኤ ውጤት በ1969 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የባርት ክርክር ባጭሩ ሲነገር፣ የአንድን ሕዝብ ማንነት የሚያቆመው በውስጡ ያለው የባህል ክምችት አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ድንበር፣ «እኛ» እና «እነሱ» የሚባልበት መስመር ነው የሚል ነው። ባህሉ ሊለዋወጥ ይችላል፤ መስመሩ እስካለ ሕዝቡ አለ። ኢትዮጵያውያንን የሚያስገርመው፣ ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱ፣ ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን የጻፈው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ አርሲዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስላላቸው ግንኙነት የሚያወራ መሆኑ ነው። ባርት ኋላ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ የሞተው በ2016 ነው። ስለ ብሔር በዓለም ዙሪያ የሚደረገው ጥናት እስካሁን ከእሱ ሐሳብ ጋር ይሟገታል። የባርትን መነጽር አድርጎ ሀገሩን ኖርዌይን ላየ ሰው፣ ባንዲራው ስዊድንን፣ የጽሑፍ ቋንቋው ደግሞ ዴንማርክን እያየ መሠራቱ ግልጽ ይሆንለታል።

የቋንቋው ነገር እስከዛሬ አልተቋጨም። ሀገሪቱ ሁለት ሕጋዊ የአጻጻፍ ስልቶች አሏት፦ አንደኛው ከዴንማርክኛው ጽሑፍ ቀስ በቀስ ተላቆ የወጣ፣ ሁለተኛው ኢቫር ኦሰን የተባለ ሰው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የገጠሩን ቀበልኛ እየዞረ ሰብስቦ ያቆመው። ዋና ከተማዋ ራሷ በዴንማርክ ንጉሥ ስም ክሪስቲያንያ ስትባል ኖራ፣ ጥንታዊ ስሟን ኦስሎን የመለሰችው በ1925 ነው።

ልብሱም እንዲሁ። ቡናድ የሚባለው የባህል ልብስ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዓይነት አለው፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሸለቆ ወይም አውራጃ ጋር የተያያዘ ነው። ጥልፉን አይቶ «ይህቺ የእንትን ሀገር ሰው ናት» ማለት ይቻላል። ከብር ጌጡ ጋር ዋጋው ብዙ አሥር ሺህ ክሮነር ይደርሳል፤ ብዙ ልጃገረዶች የሚያገኙት በአሥራ አምስት ዓመታቸው አካባቢ፣ ሃይማኖታዊውን ወይም ዓለማዊውን የወጣትነት ሥርዓት ሲፈጽሙ ነው። ቀሚሱ ሲሰፋ የስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፤ ባለቤቷ ስትወፍር እንዲለቀቅላት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከጥንት ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ደራሲዋ ሁልዳ ጋርቦርግና መሰሎቿ የገበሬውን አሮጌ ልብስ ከሣጥን እያወጡ፣ የጎደለውን እየሞሉ፣ ለከተማው ሰው የበዓል ልብስ አድርገው አዘጋጁት። አንዳንዱ ቡናድ የአያት ልብስ ግልባጭ ነው፤ አንዳንዱ ከአንድ የተቀደደ እጅጌና ከአንድ ሣጥን ላይ ካለ ሥዕል ተነሥቶ በኮሚቴ የተነደፈ ነው። ይህ ዋጋውን አላሳነሰውም። እንዲያውም አንድ ቀለም ወይም አንድ ጌጥ የተሳሳተባትን ሴት መንገድ ላይ አስቁመው የሚያርሙ ሰዎች ስላሉ «የቡናድ ፖሊስ» የሚል ቀልድ ወጥቶላቸዋል። በ2024 ዩኔስኮ የኖርዌይን የባህል ልብስ ዕውቀትና ልማድ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል።

ስኪውም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በበረዶ ላይ በእንጨት መንሸራተት በርግጥ ጥንታዊ ነው፤ ብሔራዊ ምልክት ያደረገው ግን በ1888 ግሪንላንድን በስኪ ያቋረጠው ፍሪድቾፍ ናንሰን ነው። በ1911 ሮአል አሙንድሰን ደቡብ ዋልታ ላይ ባንዲራውን ሲተክል ሀገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ትንሽ፣ ድኻና አዲስ የሆነች ሀገር በዓለም ካርታ ላይ ስሟን በበረዶ ጻፈች ማለት ይቻላል። ናንሰን ኋላ ለስደተኞች ባወጣው መታወቂያ የበለጠ ታወቀና በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማትን አገኘ። ጀብደኛውና በጎ አድራጊው በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ኖርዌይ ራሷን ልታይበት የምትወደው መልክ ተገኘ።

ይህ የተዋበ ሥዕል ጓዳ አለው።

በ1914 ሕገ መንግሥቱ መቶ ዓመት ሲሞላው በከተማዋ ፍሮግነር መናፈሻ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሜይ 15 ቀን ንጉሥ ሆኮን 7ኛ መርቀው ከፈቱት። ማሽኑ፣ መርከቡ፣ የወረቀት ፋብሪካው ውጤት፣ ኪነ ጥበቡ፣ ዘመናዊት ኖርዌይ ምን እንደምትመስል ሁሉ ለዕይታ ቀረበ። በመዝናኛው ክፍል ደግሞ «የኮንጎ መንደር» የሚባል ተሠራ። በዘንባባ ቅጠል የተከደኑ ጎጆዎች ነበሩት፤ በጎጆዎቹም ሰማንያ ያህል አፍሪካውያን፣ አብዛኞቹ ከኮንጎ ሳይሆን ከሴኔጋል የመጡ፣ ለወራት ተቀምጠው ሲያበስሉ፣ ሲሸምኑ፣ ልጅ ሲያሳድጉ በቲኬት ታዩ። ኤግዚቢሽኑን 1.4 ሚሊዮን ሰው ጎበኘው። የሀገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ያኔ የተሠመረው መስመር ከስዊድን ጋር አልነበረም። ገና ዘጠኝ ዓመቷ የነበረ ነፃ ሀገር «የሠለጠኑት» ከሚባሉት ወገን መቆሟን ለማሳየት ማዶ የሚቆምላት ሰው ፈለገች፤ አገኘችም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ተረሳ። የማስታወሱን ሥራ የያዙት ሁለት አርቲስቶች ናቸው፤ ትውልደ ሱዳናዊው መሐመድ አሊ ፋድላቢና ላርስ ኩዝነር። በ2014 ሕገ መንግሥቱ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላው በዚያው መናፈሻ መንደሩን መልሰው ሠሩት፤ ከተለያዩ ሀገሮች የመጡ ፈቃደኞችም ተቀመጡበት። «ዘረኝነትን በድጋሚ ማሳየት ዘረኝነትን ያድሳል» ያሉ ብዙዎች ተቆጡ። አርቲስቶቹን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ መጀመሪያው መንደር የሰማ ሰው ማነሱ። አንድ ሀገር ስለ ራሷ የምትተርከው ከምትረሳው ጋር ተቆርጦ የተሰፋ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

የረሳችው ደግሞ ከሩቅ የመጣውን ብቻ አይደለም። የ1814ቱ ሕገ መንግሥት በዘመኑ እጅግ ነፃ አውጪ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው አንቀጹ አይሁዳውያን ወደ ሀገሪቱ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። ክልከላው እንዲነሣ እስከ ሞቱ የታገለው ያ ልብሱን በፖስታ የላከው ቬርገላንድ ነው። አንቀጹ የተነሣው እሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1851 ሆነ። የኦስሎ አይሁዳውያን እስከዛሬ በየዓመቱ ሜይ 17 ቀን መቃብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ።

በሰሜን የሚኖሩት ሳሚዎች ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። መንግሥት ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል «ኖርዌጂያዊ የማድረግ» ፖሊሲ አካሄደባቸው፤ ልጆች በትምህርት ቤት በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። በ1979 በአልታ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታቀደውን ግድብ የተቃወሙ ሳሚዎች ኦስሎ ድረስ መጥተው ፓርላማው ፊት ለፊት ባለው የአይድስቮል አደባባይ ላይ ባህላዊ ድንኳናቸውን ተክለው የረኃብ አድማ መቱ። ሀገሪቱ ራሷን የወለደችበትን ስም በያዘ አደባባይ ላይ፣ ከዚያ ልደት ያልተጋበዙ ሰዎች ድንኳን ጣሉ። ግድቡ አልቀረም። ድንኳኑ ግን ዋና ከተማዋን ሳሚዎች መኖራቸውን አስታወሳት፤ በ1989 የሳሚዎች ፓርላማ ተከፈተ፤ በ1997 ንጉሥ ሃራልድ 5ኛ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በ2023 ደግሞ ወጣት ሳሚዎች በፎሰን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምክንያት ኦስሎ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በር ዘግተው ተቀመጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ማመንጫው የአጋዘን አርቢዎቹን መብት ይጥሳል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ተርባይኖቹ ግን መሽከርከራቸውን አላቆሙም። አረንጓዴ ኃይል የምትሰብክ ሀገር በአረንጓዴ ኃይል ሰበብ ተከሳሽ ሆነች።

እንዲህ ያለው ቅራኔ በኖርዌይ ብርቅ አይደለም። በታኅሣሥ 1973 በነዳጅ ችግር ምክንያት እሑድ መኪና መንዳት ሲከለከል ንጉሥ ኡላቭ 5ኛ ስኪያቸውን ይዘው ወደ ሆልመንኮለን የሚወጣው ትራም ላይ ተሳፈሩ። ለትኬት ቆራጩ ገንዘብ ሲዘረጉ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከዛሬ የሀገሪቱ ተወዳጅ ምስል ነው። ንጉሥ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ይሳፈራል! ሰዎች የማያነሡት ጎን ግን አለ፦ በዚያን ጊዜ ሰሜን ባሕር ላይ ኤኮፊስክ የተባለው ግዙፍ የነዳጅ ሀብት ከተገኘ አራት ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዚያ ነዳጅ የተጠራቀመው የመንግሥት ፈንድ በ2024 መጨረሻ 20 ትሪሊዮን ክሮነር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ የሀገሪቱ ሕዝብ አምስት ሚሊዮን ተኩል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ነዳጁን ለሌላው ይሸጣሉ፤ ራሳቸው በፏፏቴ ኃይል ይነዳሉ። ሀብታም ነን ማለት ግን ነውር ነው፤ አክሰል ሳንዴሙሰ በ1933 በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ያንቴ የምትባል ከተማ ሰዎች «ከእኛ እበልጣለሁ ብለህ እንዳታስብ» የሚል ዓይነት ሕግ አላቸው፤ ኖርዌጂያውያን ዛሬም ይህን እንደራሳቸው ጠባይ ይጠቅሱታል። ጠቅላይ ሚኒስትር ግሩ ሃርሌም ብሩንትላንድ በ1992 የአዲስ ዓመት ንግግራቸው ጎበዝ መሆን የኖርዌይ ጠባይ ነው ሲሉ ሀገሩ በኩራትና በሐፍረት መካከል ቆሞ ቀረ። ንግግሩ እስከዛሬ በፌዝም በምርም ይጠቀሳል።

ለውጭው ዓለም ግን ኖርዌይ ከሁሉ በላይ የሰላም ሀገር ሆና ትቀርባለች። በ1993 እስራኤላውያንና ፍልስጥኤማውያን በድብቅ የተነጋገሩት እዚሁ ነው። የስሪላንካው፣ የኮሎምቢያው ድርድር ላይ እጇ ነበረበት። በ2011 ደግሞ ሊቢያ ላይ የኖርዌይ አውሮፕላኖች 588 ቦምብ ጣሉ። ይህኛው በቱሪስት መጽሔት ላይ አይገኝም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኖርዌይ ስም የተሰማው ከኖቤልም ከነዳጅም በፊት ነው። ለደቡብ ሰው ኖርዌይ ማለት ለብዙ ዘመን የሉተራን ሚሲዮን፣ የይርጋ ዓለም ሆስፒታል፣ አማርኛ ተናጋሪ ነጭ ሐኪም ማለት ነበር። ምጽዋ ላይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መኮንኖች ካሠለጠኑት መካከል ኖርዌጂያውያን ነበሩበት። ይሁን እንጂ በነሐሴ 2007 የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ ከነበሩት ዘጠኝ የኖርዌይ ዲፕሎማቶች ስድስቱ እንዲወጡ አዘዘ። በአፍሪካ ቀንድ ጉዳይ እጇን አስገብታለች የሚል ክስ ነበር። በኦስሎ «አስታራቂ» የተባለው በአዲስ አበባ «ጣልቃ ገብ» ተባለ።

ከዚያ 2019 መጣ። ዲሴምበር 10 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ፣ ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎች በሚታዩበት በኦስሎ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ቆመው ከኤርትራ ጋር ለተደረገው ሰላም የተሰጣቸውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በንግግራቸው በባድመ ጦርነት ወቅት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነው፣ አንቴና ለማስተካከል ከምሽግ ወጣ ብለው ሲመለሱ ጓዶቻቸው በመድፍ አልቀው እንዳገኟቸው ተረኩ። ለዓለም የቀረበችው ኢትዮጵያ ጦርነትን በገዛ ሥጋዋ አውቃ የተጸየፈች ሀገር ነበረች። ከጋዜጠኞች ጥያቄ የሚቀበሉበትን የተለመደውን መግለጫ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይሰጡ ቀሩ፤ የኖቤል ኮሚቴው ጸሐፊ ይህ እጅግ አስቸጋሪ ነው ሲል በይፋ ቅር መሰኘቱን ተናገረ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 2020፣ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በጥር 2022 ኮሚቴው ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ተሸላሚው ጦርነቱን የማስቆም ልዩ ኃላፊነት አለባቸው ሲል መግለጫ አወጣ። ከዚህ ታሪክ ግማሹ ስለ ኢትዮጵያ ነው፤ ግማሹ ስለ ኮሚቴው። ኮሚቴውን የሚሰይመው የኖርዌይ ፓርላማ ነውና ሽልማቱ ሲበላሽ የሚጎድፈው የኖርዌይ መስታወት ጭምር ነው። በ2010 ቻይናዊው ሊዩ ሺያቦ ሲሸለም ቤጂንግ ለስድስት ዓመት ከኦስሎ ጋር የተኮራረፈችው፣ የኖርዌይን የሳልሞን ዓሣ ገበያም ያጠበበችው፣ ኮሚቴውንና መንግሥቱን ለይታ ለማየት እምቢ ስላለች ነው።

በትግራዩ ጦርነት ዓመታት በአይድስቮል አደባባይ የኢትዮጵያ ልጆች በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ባንዲራ ተሰልፈዋል። ባለኮከቡን የያዘ፣ ልሙጡን የያዘ፣ የክልሉን ወይም የንቅናቄውን የያዘ። ከፓርላማው መስኮት የሚያይ ኖርዌጂያዊ ባለሥልጣን ይህ ሁሉ አንድ ሀገር መሆኑን ሰው ካልነገረው አያውቅም። ምናልባት የሄሪንግ ሰላጣውን ታሪክ የሚያውቅ ከሆነ ይገምት ይሆናል።

ኖርዌይ ራሷ መስመሯን ከውስጥ እንደገና ማስመር የጀመረችው ከስደተኛው መምጣት ጋር ነው። በ1999 በፓኪስታን የተወለደችው ሩቢና ራና የኦስሎ የግንቦት 9 ኮሚቴ ሰብሳቢ ስትሆን የግድያ ዛቻ ደረሳት፤ እሷ ግን ሰልፉን ከፊት መራች። ጁላይ 22 ቀን 2011 አንድ ኖርዌጂያዊ የቀኝ አክራሪ፣ ሀገሬን ከሙስሊሞችና ከብዝኃነት ልታደግ ብሎ፣ በመንግሥት ሕንፃዎች አካባቢና በኡቶያ ደሴት 77 ሰዎችን ገደለ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ፍርዱ በሚታይበት ሰሞን 40,000 ያህል ሰው ዩንግስቶርገት አደባባይ ላይ በዝናብ ተሰብስቦ ገዳዩ በችሎት የተቸውን የልጆች ዘፈን ዘመረ። በ2016 ንጉሥ ሃራልድ በቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ባደረጉት ንግግር ኖርዌጂያውያን ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታን፣ ከሶማሊያና ከሶርያም የመጡ ናቸው ብለው፣ የገዛ አያቶቻቸው ከዴንማርክና ከእንግሊዝ መሰደዳቸውን አስታወሱ። የንግግሩ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ይህችው ሀገር በጥር 2012 ጥገኝነት የተከለከሉ ኢትዮጵያውያንን ለመመለስ ከአዲስ አበባ ጋር ስምምነት ፈርማለች። ስምምነቱ በኖርዌይ የተወለዱ፣ ሰልፉ ላይ «ሁራ» ያሉ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦችም የሚመለከት ነበር። ሁለቱም ኖርዌይ ናት።

በኦስሎ ሰፈሮች፣ በግሩንላንድና በግሮሩድ፣ በፉሩሴትና በስቶቭነር፣ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሰልፍ የሚወጡ ልጆች ዛሬ ከመላው ዓለም የመጡ ወላጆች ያሏቸው ናቸው። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በሚያዝያ መጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ ልጅቷ ምን ትልበስ የሚለው ነው። ቡናድ እንዳይገዛ ልጅ በየዓመቱ ታድጋለች፣ ዋጋውም ደመወዝ ይበላል። አንዳንዱ ኖርዌጂያዊ «የምትኖሩበትን አካባቢ ቡናድ ልበሱ፣ የእናንተም ነው» ይላል፤ ሌላው «የሌላችሁን ሥር ከምታበጁ የራሳችሁን ልበሱ» ይላል። ብዙ እናቶች ያላቸውን ይመርጣሉ። ለፋሲካ ከሽሮ ሜዳ በመንገደኛ የመጣው የሐበሻ ቀሚስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለግንቦት 9 ይደርሳል። ጥልፉ ያምራል፤ ጨርቁ ግን ስስ ነው፣ የኦስሎ ግንቦት ደግሞ አንዳንዴ በረዶ ይጥላል። ስለዚህ ከሥሩ ኖርዌጂያውያን ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ጀምሮ የሚያለብሱት የሱፍ ካናቴራና ታይት ይደረጋል። ልጅቷ ሱፉ ይበላኛል ብላ ትነጫነጫለች፤ እናቷም እንደ ኖርዌጂያውያኑ እናቶች፣ «ብርድ ሲመታሽ ታመሰግኚኛለሽ» ትላታለች፤ ከዚያ ለአራት ሰዓቱ እንዳይረፍድ ሩጫ ነው።